ለባለ መነጽሯ ልጅ የቀዳሁት ደብተር

ፊቷን አንድም ቀን አላየሁትም። የማውቀው መነጽሯን ነው። የመገለጫ ፎቶዋ እጀታው በነጭ ፕላስተር የታሰረ የማንበቢያ መነጽር ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ከጎኑ የሻይ ብርጭቆ የተወው ክብ ምልክት ይታያል። በግሩፓችን ውስጥ በስሙ የሚጽፍ ሰው ስላልነበረ ሁላችንም የምንጠራራው በፎቷችን ነበር። እሷ ባለ መነጽሯ፣ እኔ ባለ ድመቷ። ድመቷ ደግሞ የእኔ አይደለችም፤ የጎረቤት ናት። የእኛ ቆርቆሮ ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ነው ያነሳኋት።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አሥራ ሰባት ሆኖኛል። አንድ ዓመት ትንሽ ይመስላል፤ ግን በዚያ ዓመት መጻፍ እንደምችል አወቅሁ። አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ከእጄ ሲወጣ "ይሄን እኔ ነኝ የጻፍኩት?" እላለሁ፤ ብቻዬን እስቃለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ሞት ቢሆንም ስጽፈው ደስ እያለኝ እንደሆነ ከመጀመሪያው ልናገር። ያስተማረችኝ እሷ ናት። የሞተችውም እሷ ናት።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ሰፈሩ አልቆ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ ነው። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት አይገባም። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እሁድ ደግሞ ከምሳ በኋላ፣ የወንድሜን አሮጌ ስልክ እለምንና ወደ እንጦጦ በሚወጣው የእግር መንገድ ትንሽ እሄዳለሁ። እዚያ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩ ላይ ቆመህ ፊትህን ወደ ከተማው ካዞርክ ኢንተርኔቱ ይመጣል፤ ከተቀመጥክ ይሄዳል። የዚያን ዓመት ግጥሞች በሙሉ ያነበብኳቸው ቆሜ ነው።

ግሩፑን የከፈቱት ባለ ጃንጥላው የምንላቸው ሰው ናቸው። አርባ ብንሆን ነው። ነርስ አለች፣ ጥበቃ አለ፣ የሒሳብ አስተማሪ አለ፣ እንደ እኔ ያሉ ተማሪዎች አሉ፤ መጽሐፍ ያሳተመ ግን አንድም የለም። ሕጋችን ቀላል ነበር። የሰው ግጥም አይነቀፍም። ካነበብከው ውስጥ አንዲት መስመር ትመርጣለህ፣ ከሥር ትገለብጣታለህ፣ አጠገቧ "ትኑር" ብለህ ትጽፋለህ። ስለ ሌሎቹ መስመሮች ምንም አይባልም። የሚመርጠው ያጣ ሰው ደግሞ "ብዕርህ አይንጠፍ" ብሎ ያልፋል፤ ያ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው ሕግ ስም አለመጻፍና ስልክ አለመለዋወጥ ነው። ጊዜው ሰው ታክሲ ውስጥ እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። ከመካከላችን ግማሹ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ስለ ጨረቃ የጻፈውን ግጥም እንኳ አለቃው ስለ ሌላ ነገር ነው ብሎ እንዳይገመግመው ይፈራል።

የመጀመሪያ ግጥሜ ስለ ዝናብ ነበር፤ አርባ መስመር። ለጥፌው ድንጋዩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። "ብዕርሽ አይንጠፍ" መጣ። "ብዕርሽ አይንጠፍ እህቴ" መጣ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ስልኩን ዘግቼ ልወርድ ስል ባለ መነጽሯ ገባች፤ ግማሽ መስመር ብቻ ገልብጣ። "ቆርቆሮው ይሳላል። ትኑር።"

ወዲያው ደግሞ በውስጥ ጻፈችልኝ።

"ሠላሳ ዘጠኙን መስመር ስለ ዝናብ ካነበብሽው ነው ያመጣሽው። ይቺን ግን ሰምተሻታል። የሰማሽውን ጻፊ።"

"እሺ፣ አመሰግንዎታለሁ" አልኳት።

"እርስዎ? መነጽሩ ላይ ሽበት ታየሽ እንዴ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ እላታለሁ። እሷ ደግሞ የኔ ልጅ ትለኛለች። የምጽፈውን ሁሉ ለግሩፑ ከመለጠፌ በፊት ለእሷ እልካለሁ፤ አትነቅፍም፣ ከ"ጎበዝ" በላይ አታሞጋግስም፣ አንዲት ቃል ላይ ጣቷን ታደርጋለች። "ይሄ ቃል የተቀመጠው ቤት እንዲመታልሽ ነው አይደል? ቤት ለመምታት ብለሽ አትዋሺ። አንባቢ ያውቅብሻል።" ይሄን ሃያ ጊዜ ሳትነግረኝ አትቀርም።

የእሷ ግጥሞች አጫጭር ናቸው። የምትሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ነው፤ የምትኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም። ስለ ፍቅር አትጽፍም። ስለ አቧራ፣ ስለ ደረጃ፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ መገናኛ ስለሚሰለፈው ሰው ትጽፋለች፤

ከንጋቱ ሰልፍ ላይ ስሜንም ረሳሁት፣
ከፊቴ የቆመን ጀርባውን ለመድሁት።

ግሩፑ በሙሉ "ትኑር" ካለላት ግጥሞች አንዷ ደግሞ ስለ ውሃ ናት፤

አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብሎክ ሃያ ሰባት፣
ጀሪካን ታቅፌ፣ እንደ ልጅ ያለ አባት።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ረጅም መልእክት ላከችልኝ። እሷ ረጅም ነገር ጽፋ ስለማታውቅ ገና ሳላነበው ፈራሁ። ሆዷ ውስጥ ያደገ ነገር እንዳለ፣ ሐኪሞቹ አሁን የሚሰጧት ማስታገሻ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ልክ ስለ መብራት መጥፋት እንደምታወራ። ከዚያ እንዲህ አለች፤

"አንድ ልጅ አለችኝ፣ ካንቺ ትንሽ ታንሳለች። እንደምጽፍ አታውቅም። ልነግራት ስል አፍራለሁ፤ ፊቴን እያየች እንድታነበው አልፈልግም። ከሞትኩ በኋላ ግጥሞቼን ወስደሽ ስጪልኝ። ለማን እንደምሰጥ ሳስብ አንቺ ብቻ መጣሽልኝ። ቃል ግቢልኝ፣ አታልቅሺ።"

እያለቀስኩ ቃል ገባሁ። "ቤታችሁ የት ጋ ነው?" አልኳት።

"አድራሻውን ነገ እልክልሻለሁ፤ አሁን ደክሞኛል።"

በማግስቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። የያዝኩት ስልክ ብቻ መስሎኝ ድንጋዩ ላይ እየዘለልኩ ሞከርኩ። ሰፈር ስወርድ ነው የሞባይል ኢንተርኔት በሙሉ እንደተዘጋ የሰማሁት። ለምን እንደተዘጋ ሰው ጮክ ብሎ አይጠይቅም ነበር። እናቴ "ተገላገልን" አለች። እኔ ግን በየቀኑ ድንጋዩ ድረስ ወጥቼ ባዶውን ስክሪን አይቼ እመለሳለሁ። አንድ ሰው ዝም ሲል ይታወቃል፤ አገር ሁሉ ዝም ሲል ግን ማን እንደሞተ በምን ይለያል?

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ግሩፑ እንደ ሰርግ ቤት ሆነ። ሁሉም ያጠራቀመውን ግጥም አራገፈው። ባለ መነጽሯ ግን የለችም። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፤ ሌላ ሳምንት ጨመርኩ። የላክሁላት ሁሉ ሳይነበብ ቀረ። በእነዚያ ቀናት አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዤ ድንጋዩ ላይ ቆሜ ግጥሞቿን በሙሉ በእጄ ቀዳኋቸው። አንዷን በአንድ ገጽ፣ በጥሩ ጽሕፈቴ። ስቀዳት ገባኝ፤ በአፍ ስትነበብ ያላየሁትን ስንት ነገር እጄ አየው መሰላችሁ። ደብተሩ ሲያልቅ ሰው ላማክር አልኩና ለባለ ጃንጥላው ጻፍኩ።

"አብረን እንሄዳለን" አሉ። "ስልክሽን ላኪ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልሻረው።"

"አድራሻ እኮ የለንም፣ ጋሼ።"

"እንዴት የለንም? ጽፋዋለች እኮ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብሎክ ሃያ ሰባት።"

እውነትም! እንዴት እስከዚያ እንዳልመጣልኝ ገረመኝ።

እናቴን ማስፈቀድ ግን ሌላ ጣጣ ነበር።

"ለቅሶ ልሄድ ነው፣ እማ።"

"የማን?"

"የ... የመምህሬ።"

"ስሟ ማነው?"

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

"ስሟን የማታውቂው መምህር! ፊቷንስ?"

"አላውቅም።"

"አንቺ ልጅ፣ ያ ስልክ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል።" ቀጥላ ግን ቁም ሣጥኑን ከፍታ ነጠላዋን አወጣች። እናቴ ለቅሶ የሚባል ነገር ከተነሳ መከልከል አትችልበትም። ለባለ ጃንጥላው ራሷ ደውላ ሩብ ሰዓት መረመረቻቸው፤ የት እንደሚሠሩ፣ ስንት ልጅ እንዳላቸው፣ የሚስታቸው ስልክ ስንት እንደሆነ። ለሚስታቸውም ደወለች። ከዚያ "ከመምሸቱ በፊት" አለችኝ።

እሁድ ከምሳ በኋላ መገናኛ ተገናኘን። በግጥማቸው ነጎድጓድና ነብር ስለሚበዛ ግዙፍ ሰው ጠብቄ ነበር። መጥተው አጠገቤ ሲቆሙ ግን እኔ ትከሻ ላይ የሚደርሱ፣ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ የቆለፉ ሰው ናቸው። ጃንጥላም አልያዙም።

"ባለ ድመቷ?"

"ጋሼ?"

"ምነው፣ አነስኩብሽ?"

"ኧረ አይደለም!"

"አይዞሽ፣ ሚስቴም መጀመሪያ ያለችው እንደዚያ ነው።"

ሚኒባሱ ውስጥ ድምፃቸውን ቀንሰው አወሩኝ። መሥሪያ ቤታቸው አንድ ለአምስት ሲያደራጃቸው ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርገዋቸዋል፤ "ቃለ ጉባኤው መሃል አንድ ጊዜ ሳላስበው ቤት መትቶብኝ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት" አሉኝ። ሳቅን። ከዚያ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ሳቁ አለቀ። ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ልጅቷን እንዴት እንደማናግራት በልቤ እለማመዳለሁ።

የካ አባዶ ብሎኮቹ መንትያ ናቸው፤ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም ልብስ የተሰጣበት። እየጠየቅን ሃያ ሰባት ቁጥር ጋ ስንደርስ ከብሎኩ ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሏል። ጋሼ እጄን ያዝ አደረጉኝ። በር ላይ ለቆመች ሴት "ለቅሶው የእናትየው ነው?" አሏት። "አዎ፣ ምስኪን፣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው" አለችን። ሦስት ቀን! ትንሽ ቀደም ብለን ብንመጣ በሕይወት እናገኛት ነበር ማለት ነው።

ገብተን ተቀመጥን። ንፍሮ ሰጡን። ፊት ለፊት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ሁለት ትልልቅ ወንዶች። ልጅቷን ባይኔ ፈለግሁ፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ጥቁር የለበሰች ልጅ የለችም። ምናልባት ቤት ውስጥ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ። ጋሼ ተነሡ።

"እኛ" አሉ፣ "ከሟቿ ጋር በሥነ ግጥም የምንተዋወቅ ነን። ቤተሰብ ላያውቀው ይችላል። የጻፈችውን አንድ ሁለት እናንብብላችሁ።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩን፤ ቀጥሎ በእጃቸው ቀጥሉ የሚል ምልክት ሰጡ። ተነሥቼ ደብተሩን ገለጥኩ። መጀመሪያ የውሃውን አነበብኩ። "ብሎክ ሃያ ሰባት" ስል አንዲት ሴት ከኋላ "ወይኔ!" አለች። "ጀሪካን ታቅፌ" ስል ድንኳኑ ሙሉ አለቀሰ። የሰልፉን አነበብኩ፣ የደረጃውን አነበብኩ። ሰው አንገቱን እየነቀነቀ፣ አፍንጫውን በነጠላ እየጠረገ ያዳምጣል። አንዲት አሮጊት "እንዲህ እንዲህ በልቧ ይዛ ኖራ ነው?" አሉ። ሌላዋ "በቃሏ ብላ አስጽፋው ይሆናላ፣ ፊደል እንኳ አልቆጠረችም" አለች።

መዝገብ ቤት የምትሠራ ሴት ፊደል አልቆጠረችም? ጋሼን አየኋቸው፤ እሳቸውም ሰምተዋል። ተሳስተናል። የሌላ ሰው እናት ለቅሶ ላይ ቆሜ፣ የሌላ ሰው ግጥም አንብቤ፣ ሃምሳ ሰው አስለቅሻለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳፍረኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ከደቂቃ በፊት ሲያለቅሱ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዴት እንደማነብ አያችሁልኝ!

ተቀምጬ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ሽማግሌው እያዩኝ ነው። ሄጄ እግራቸው አጠገብ በርከክ አልኩ።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተሳስተን ነው። እኛ የመጣነው ለሌላ ሰው ነው።"

"አውቄያለሁ" አሉ በቀስታ። "የእኔዋ ምድር ቤት ነው የኖረችው፤ በጉልበቷ ምክንያት ፎቅ ወጥታ አታውቅም።"

"ታዲያ ለምን ቀጥሉ አሉን?"

"ሦስት ቀን ሰው ሲገባ ሲወጣ ስለ እሷ አንድ ነገር የተናገረ የለም። ያጽናህ ይሉኛል፣ ይበላሉ፣ ስለ ውሃና ስለ ታክሲ ያወራሉ። እናንተ እሷን የመሰለ ነገር አላችሁ። ጀሪካኑን እውነትም ታቅፈው ነበር።" ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "የምትፈልጓት ማን ናት?"

"ስሟን አናውቅም። መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር፤ አንድ ሴት ልጅ አለቻት፤ አራተኛ ፎቅ።"

ሽማግሌው ወደ ትልቁ ልጃቸው ዞረው ጠየቁት። እሱም አሰበና "የሃያ ሁለቷ ትሆናለች፤ ያቺ መነጽር የምታደርገው። ወሩ አለፈ እኮ ከተቀበረች" አለን።

ሃያ ሁለት። ከድንኳኑ ወጥተን ስንሄድ ጋሼ ጭንቅላታቸውን ይዘው "እንዴት ሰባት ትላለች?" ይላሉ። እኔ ግን ገብቶኛል። ሁለት ብትል "አባት" የሚለው ቤት አይመታላትም! ሃያ ጊዜ አትዋሺ ያለችኝ ሴት የገዛ ቤቷን ቁጥር ለቤት መምቻ ቀይራዋለች። እኛ ደግሞ ግጥሙን እንደ መታወቂያ ይዘን መጣን። ሳቄ መጣ፤ እየሳቅሁ እንባዬ መጣ። ወር አልፏታል። ኢንተርኔቱ ተዘግቶ እኔ ድንጋዩ ላይ ስዘል፣ እሷ ያኔ ተቀብራለች።

የሃያ ሁለቱን ደረጃ ስንወጣ ጋሼ ሦስተኛው ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። አራተኛው ላይ አንዱ በር ክፍት ነው። በሩ ላይ ጆንያዎች ተደርድረዋል፤ ፍራሽ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ድስት በጋዜጣ ትጠቀልላለች።

"ቤቱን ለማየት ነው? ተከራይቷል" አለችን።

"አይ፣ ለቅሶ ልንደርስ ነው" አሉ ጋሼ።

"አሁን? የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናችሁ?"

"አብረን ግጥም እንጽፍ ነበር።"

ሴትዮዋ ድስቱን አስቀመጠች። "ግጥም? እህቴ? ሰው ተሳስታችሁ ይሆናል። እህቴ ፎርም ነው የምትሞላው።"

"መነጽሯ እጀታው በፕላስተር የታሰረ ነበር?" አልኳት።

ይሄኔ ከውስጥ አንዲት ልጅ ወጣች። አሥራ አራት ብትሆን ነው፤ ጥቁሩ ሹራብ ሰፍቷታል፣ የአክስቷ ይመስለኛል። ምን እንዳመጣን ጠየቀችኝ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፍቶብኝ ደብተሩን ብቻ ሰጠኋት።

"እናትሽ የጻፈቻቸው ናቸው። ላንቺ እንድሰጥሽ ነግራኛለች።"

ደረጃው ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጋሼ ከአክስቷ ጋር ውስጥ ገቡ። ልጅቷ አንድ ገጽ አንብባ ሌላውን ገለጠች፤ ፊቷ አይለወጥም። መሃል ላይ ስትደርስ ማንበቡን ትታ ገጾቹን መቁጠር በሚመስል ፍጥነት ታገላብጥ ጀመር። የሆነ ነገር እየፈለገች ነው።

"ስለ እኔ የጻፈችው የቱ ነው?"

ይሄን ጥያቄ አልጠበቅሁትም ነበር። ደብተሩን በእጄ የቀዳሁ እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱን መስመር አውቀዋለሁ። አቧራ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ የጎረቤት የወደቀ ነጠላ ጫማ አለ። እሷ የለችም። "እንደ ልጅ ያለ አባት" የምትለዋን ገልጬ "ይሄውልሽ፣ ይቺ አንቺ ነሽ" ልላት አፌ ድረስ መጣ። ከዚያም የባሰ አሰብኩ። ቤት ሄጄ በእሷ አጻጻፍ አንድ ልጽፍና "ይቺ ተረስታ ነበር" ብዬ ላመጣላት። እችል ነበር፤ ማንም አይለየውም። ግን ልጅቷ አፍጥጣ እያየችኝ ነው።

"የለም" አልኳት። "ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ። የለም።"

"እሺ" አለች።

ታች ሰው ጀሪካን እየጎተተ ሲወጣ ይሰማል። ደብተሩን ዘጋችና "እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ታስወጣኝ ነበር" አለች። "'ውጪ ተጫወቺ፣ ራሴን አሞኛል' ትለኛለች። እኔ ደግሞ የምታስጠላኝ ነገር ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ያኔ ነው ይሄን የምትጽፈው?"

እሁድ ከሰዓት። ለእኔም አብዛኞቹ መልእክቶቿ የሚመጡት እሁድ ከሰዓት ነበር። "ይመስለኛል" አልኩ።

"አንቺንስ ምን ትልሽ ነበር?"

ስልኩን ከፍቼ ልስጣት ወይስ አልስጣት ስል እጄ ቀድሞ ሰጣት። ረጅም ጊዜ አነበበች። ወደ ላይ ትገፋለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትገፋለች።

"የኔ ልጅ ትልሻለች።"

"ለሁሉም ነው እንደዚያ የምትለው።" ዋሸሁ። ከእኔ ሌላ ለማንም ብላ አታውቅም።

"ጎበዝ ትልሻለች። አይዞሽ ትልሻለች።" ስልኩን መለሰችልኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። "ትቆጣሽ ነበር?"

"አንድም ቀን።"

"ያን አብሮሽ የመጣውን ሰውዬስ?"

"እሳቸውንም። ግሩፑ ውስጥ ማንንም ተቆጥታ አታውቅም።"

ይሄን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣ። ፈገግታ ልበለው አልበለው አላውቅም። ቀና ብላ ተቀመጠች።

"እንግዲያው አታውቋትም" አለች። "እኛ ቤት እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጣ ነው። ስትቆጣ ብታያት!" ድምፅዋን አወፍራ፣ በአፍንጫዋ ላይ የሌለ መነጽር ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አሳየችኝ። "'ይሄን ጫማ በር ላይ የተከልሽው ሊበቅልልሽ ነው?' ትለኛለች። ሳህን ሳጥብ ደግሞ 'እንዲህ አጥበሽ ለማን ልታቀርቢው ነው፣ ለጠላትሽ?'"

ሳቅሁ። ልጅቷም ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። በሩን ዞራ አየችና ቀጠለች። ሦስተኛው ከሁለቱም ይበልጣል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንድም ቀን ያልሰማሁትን የባለ መነጽሯን ድምፅ ሰማሁ፤ ግጥሞቿ ሁሉ ከዚያ አፍ እንደወጡ ገባኝ፤ ምናልባትም የተሻሉት ቤት ውስጥ፣ በጫማና በሳህን ምክንያት ነው የተነገሩት። ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ከትቼ እስክሪብቶ ፈለግሁ።

"አትጻፊው" አለችኝ።

"እንዳይረሳኝ ብዬ ነው፣ በጣም ቆንጆ እኮ..."

"አትጻፊው። ለእናንተ ይሄ አለላችሁ።" ደብተሩን በክርኗ ነካችው። "ይሄኛው የእኔ ነው።"

አፈርኩ። እስክሪብቶውን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። ትንሽ አሰበችና "እሺ፣ የጫማውንና የሳህኑን ጻፊ" አለችኝ፤ "ሌላውን ግን ተዪ።"

ከውስጥ አክስቷ "ነይ እስቲ፣ ይሄን ጆንያ አፉን ያዢልኝ፤ መኪናው ሊመጣ ነው" ብላ ተጣራች። ልጅቷ "መጣሁ" አለች፤ አልተነሣችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንዱን ጨርሳ ሌላውን ነገረችኝ፤ ከዚያ ሌላውን። እኔ ሁለት እጄን ጉልበቴ መሃል አድርጌ አዳመጥኩ።